የ«ኦልድ ላንግ ሳይን» የኅትመት ታሪክ፦ የሐረግ፣ የግጥምና የዜማ ሦስት መንገዶች

መግቢያ

ከስኮትላንድ ዘፈኖች መካከል «ኦልድ ላንግ ሳይን»ን ያህል በዓለም ዙሪያ የታወቀ የለም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች አሮጌው ዓመት ሲያልፍ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘፍኑታል፤ በሌሎች አገሮችም የምረቃና የስንብት ዜማ ሆኗል። የርእሱ ሦስት ቃላት በስኮትስ ቋንቋ አንድ በአንድ ሲፈቱ «አሮጌ»፣ «ረጅም» እና «ወዲህ» ማለት ናቸው። ተያይዘው ሲነበቡ ግን በአማርኛ «የጥንት የጠዋቱ» ከምንለው አነጋገር ጋር የሚቀራረብ ስሜት ይሰጣሉ።

ስለዚህ ዘፈን ባለቤትነት የዘፈን ስብስቦችና የቤተ መጻሕፍት ዝርዝሮች አንድ ቃል የላቸውም። ገሚሶቹ «ደራሲ፦ ሮበርት በርንስ» ይላሉ፤ ገሚሶቹ «ባህላዊ» ብለው ያልፉታል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይደለም። ጥናቱ የሚያሳየው ጥያቄው ራሱ በተሳሳተ መንገድ የቀረበ መሆኑን ነው። ዛሬ አንድ ሆኖ የሚሰማን ዘፈን የተገነባው የየራሳቸው የኅትመት ታሪክ ካላቸው ሦስት ነገሮች ማለትም ከሐረግ፣ ከግጥምና ከዜማ ነው። ሦስቱ ዛሬ በምናውቀው መልክ የተገናኙትም ገጣሚው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ አሳታሚ መጽሐፍ ውስጥ ነበር። «ባህላዊ» የሚለው ስያሜ የቱን እንደሚመለከት ሳይለይ ስለ ዘፈኑ ዕድሜ ወይም ባለቤት የሚሰጥ ብያኔ ሁሉ መሠረት ያጣል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐረጉ ከግጥሙ በፊት

የተረሳ ወዳጅነትን የሚያነሳ ግጥም በስኮትላንድ ጥንታዊ ነው። ጆርጅ ባናታይን በ1568 ባጠናቀረው ታዋቂ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ የቀድሞ ደግነት መረሳቱን የሚያማርር፣ ደራሲው ያልተጠቀሰ ግጥም ይገኛል። ይህ ግጥም ከዛሬው ዘፈን ጋር የሚጋራው ግን ጭብጡን እንጂ ስንኙን አይደለም።

የዘፈኑን ሐረግ በኅትመት በግልጽ የምናገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው። ሄንሪ ፕሌይፎርድ በ1700 ለንደን ላይ ባሳተመው የስኮትላንድ ዜማዎች ስብስብ ውስጥ ሐረጉን በርእስነት የያዘ ዜማ አለ። ጄምስ ዋትሰን ኤዲንብራ ላይ ባሳተመው የስኮትስ ግጥሞች ስብስብ በሦስተኛው ክፍል ደግሞ በ1711 በዚሁ ሐረግ የሚመላለስ ረጅም ግጥም ወጣ። ይህን ግጥም አንዳንዶች ለሮበርት ኤይተን፣ ሌሎች ለፍራንሲስ ሴምፒል ሰጥተውታል። ይዘቱ የቤተ መንግሥት ግጥምን ወግ የተከተለ የፍቅር አቤቱታ ነው፤ የተረሳ አፍቃሪ የረሳችውን ይወቅሳል። ከዚያ በኋላ አለን ራምሴ በራሱ መንገድ ጻፈው። በእርሱ ግጥም ውስጥ የምትናገረው ከጦር ሜዳ ቁስል ተሸክሞ የተመለሰ ጀግናን በደስታ የምትቀበል ሴት ናት። የራምሴ ግጥም በ1720ዎቹ በተደጋጋሚ ታትሞ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የታወቀው «ኦልድ ላንግ ሳይን» እርሱ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ሐረጉና መክፈቻ ጥያቄው፣ ማለትም የቆየ ወዳጅነት ይረሳ ዘንድ ይገባልን የሚለው ሐሳብ፣ ከበርንስ በፊት የታተሙ የጋራ ሀብቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ በዋትሰንም ሆነ በራምሴ ኅትመት ውስጥ ዛሬ ዘፈኑን የሚወክሉት ሥዕሎች የሉም። በኮረብታ ላይ አብረው አበባ የቀጠፉ፣ በጅረት ውስጥ አብረው የተንቦጫረቁ፣ ከዚያም ሰፊ ባሕር የለያቸው ሁለት የልጅነት ጓደኞች አይታዩም። የወንድና የሴት ፍቅር በጓደኝነት የተተካው በኋለኛው ግጥም ነው።

የ1788 ደብዳቤና «ዜድ» ምልክት

የዛሬው ግጥም በሰነድ የሚታየው በ1788 ነው። በርንስ በዲሴምበር ወር ለወዳጁ ለወይዘሮ ፍራንሲስ ዳንሎፕ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ግጥሙን አስፍሮላቸዋል። በደብዳቤው ግጥሙን የራሱ አላደረገውም። የጥንት ቁራጭ እንደሆነ ገልጾ ስሙ ያልታወቀውን ባለቅኔ አወድሷል።

በርንስ በዚህ ጊዜ በአንድ ትልቅ የኅትመት ሥራ ላይ ነበር። የኤዲንብራው ጄምስ ጆንሰን በሙያው ኖታ በብረት ሰሌዳ ላይ የሚቀርጽ ሰው ሲሆን፣ የስኮትላንድን ዘፈኖች ከነዜማቸው ለመሰብሰብ በ1787 «ስኮትስ ሙዚካል ሙዚየም» የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ ጀምሮ ነበር። ሥራው በ1803 ሲጠናቀቅ ስድስት ጥራዝና 600 ዘፈኖች ሆነ፤ እያንዳንዱ ጥራዝ መቶ መቶ ይዟል። በርንስ ከሁለተኛው ጥራዝ ጀምሮ ያለ ክፍያ የጆንሰን ዋና ረዳት ሆነ። ዘፈን ሰበሰበ፣ የጎደለውን ሞላ፣ ግጥም ለሌለው ዜማ ግጥም ጻፈ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለተመራማሪ እጅግ ጠቃሚ የሆነ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በአንዳንድ ዘፈኖች ግርጌ የላቲን ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። «ዜድ» የምትለው ፊደል ዘፈኑ አሮጌ ሆኖ እርማት ወይም ጭማሪ የተደረገበት መሆኑን ታመለክታለች። «ኦልድ ላንግ ሳይን» በአምስተኛው ጥራዝ በ413ኛ ቁጥር ሲታተም ይህችን ምልክት ይዞ ወጣ። እርማቱና ጭማሪው ምን ያህል እንደሆነ ግን ምልክቷ አትነግረንም። በርንስ ራሱ በዚያው በ1788 በጻፈው ሌላ ደብዳቤ በዚህ ፊደል ከተለዩት ዘፈኖች ብዙዎቹ ከአዝማቹ በቀር ጥንታዊ የሚባል ጥቂት ነገር ብቻ እንዳላቸው ገልጿል፤ ይህንንም ለሁሉ ሰው መንገር እንደማያስፈልግ አክሏል።

ሁለት ኅትመት፣ ሁለት ዜማ

አምስተኛው ጥራዝ የወጣው በ1796 መጨረሻ ነው፤ በርንስ በጁላይ 21 ቀን 1796 ሞቷል። ስለዚህ ገጣሚው ይህን ግጥም ታትሞ አላየውም። ከደብዳቤው እስከ ኅትመቱ ስምንት ዓመት የፈጀበት አንዱ ምክንያት ጆንሰን በ1787 በመጀመሪያው ጥራዝ በ25ኛ ቁጥር የራምሴን ግጥም በዚሁ ርእስ ማተሙ ሳይሆን አይቀርም። አሳታሚው በርእሱ የሚታወቅ ዘፈን ቀድሞ ነበረው።

ግጥሙ በ1796 የታተመበት ዜማ ደግሞ ዛሬ የምንሰማው አይደለም። የቀድሞው «ኦልድ ላንግ ሳይን» ዜማ ዘር የሆነ፣ ዝግ ያለና ለብዙ ሰው በኅብረት ለመዘፈን ያልተመቸ ዜማ ነው። በርንስም አልወደደውም። በ1793 ለሌላው አሳታሚ ለጆርጅ ቶምሰን ግጥሙን ሲልክ ዜማው መካከለኛ መሆኑን፣ ግጥሙ ግን የትኛውንም ዜማ ለማስወደድ እንደሚበቃ ጽፎለት ነበር።

ቶምሰን ከጆንሰን የተለየ አሳታሚ ነው። የጆንሰን ዓላማ የተገኘውን ሁሉ ማኖር ሲሆን፣ የቶምሰን ዓላማ የስኮትላንድን ዜማ በመኳንንትና በነጋዴ ቤቶች ፒያኖ አጠገብ ለማስቀመጥ ማሰማመር ነበር። ለዚህም ሲል እንደ ፕሌየል፣ ኮዤሉክ፣ ሃይድንና ቤትሆቨን ላሉ የአህጉሪቱ ታላላቅ ሙዚቀኞች እየከፈለ ዜማዎቹን አሠርቷል። «ኦልድ ላንግ ሳይን»ን በ1799 ሲያሳትም ግጥሙን ከአሮጌው ዜማ ነጥሎ ዛሬ ዓለም ከሚያውቀው ዜማ ጋር አጣመረው።

ለውጡ በዜማው ብቻ አልቆመም። በጆንሰን ኅትመት ሁለቱ ወዳጆች የየድርሻቸውን መጠጥ የሚያነሱበት አንጓ ሁለተኛ ሆኖ ይገባል፤ የልጅነት ትዝታው ይከተላል፤ ዘፈኑም በመጨባበጥ ያበቃል። በቶምሰን ኅትመት ግን ያው የመጠጥ አንጓ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። በአዝማቹ ውስጥ ያለው የፍቅር መጥሪያም በጆንሰን ዘንድ የስኮትስ ቃል ሲሆን በቶምሰን ዘንድ በእንግሊዝኛ በተለመደው ቃል ተተክቷል። ለውጦቹ ጥቂት ቢሆኑም የዘፈኑን አካሄድ ይቀይራሉ። በመጀመሪያው ትዝታው ከመጠጡ ይመነጫል፤ በሁለተኛው መጠጡ የትዝታው መዝጊያ ይሆናል።

ዜማው ከዘፈኑ በፊት

ቶምሰን የመረጠው ዜማ አዲስ አልነበረም። በ1750ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ብሬምነር ባሳተመው የጭፈራ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ «የወፍጮ ባለቤቱ ሠርግ» በሚል ስም የወጣው ዜማ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዊልያም ሺልድ በ1782 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ለመድረክ ባበቃው «ሮዚና» በተባለ ኦፔራ መክፈቻ ሙዚቃ ውስጥም ይሰማል፤ ከዚህም የተነሳ ዜማውን ለሺልድ የሰጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ የብሬምነር ኅትመት ከኦፔራው ከሃያ ዓመት በላይ ስለሚቀድም ሺልድ የሚታወቅ የጭፈራ ዜማ ተጠቀመ ማለት ይቀላል።

እጅግ የሚያስገርመው ይኸው ዜማ በጆንሰን እጅም መኖሩ ነው። በ1792 በታተመው አራተኛ ጥራዝ በ394ኛ ቁጥር የእርሻ ሠራተኛ ስለ መቅጠር የሚናገር ቀልደኛ ግጥም ይዞ ወጥቷል። በአምስተኛው ጥራዝም ከ«ኦልድ ላንግ ሳይን» ጥቂት ገጾች ራቅ ብሎ የዚሁ የዜማ ቤተሰብ አባል የሆነ ሌላ ዝነኛ ዘፈን ይገኛል። እንግዲህ ግጥሙና ዜማው በአንድ ተከታታይ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ያጣመራቸው ግን አልነበረም።

ቶምሰን ይህን ያደረገው በራሱ ሐሳብ ነው ወይስ በበርንስ ምክር? በርንስ በኖቬምበር 1794 በጻፈለት ደብዳቤ የዘፈኑ ግጥም መልካም መሆኑን፣ ዜማው ግን የቆየና ለአዲሱ ዜማ ጥንስስ የሆነ መሆኑን ከገለጸ በኋላ «ሌላው ዜማ» ተራ የገጠር ጭፈራ ሆኖ እንደሚሰማ ይጠቅሳል። ይህ አነጋገር ሁለት ትርጉም ይቀበላል። ለዚሁ ግጥም የታሰበ ሁለተኛ ዜማ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዐረፍተ ነገር አካባቢ የተነሣ የሌላ ዘፈን ዜማም ሊሆን ይችላል። በደብዳቤው ላይ ብቻ ተመሥርቶ ጥምረቱን ለበርንስ መስጠት ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መጫን ነው። በእርግጥ የሚታወቀው ጥምረቱን በኅትመት ያወጣው ቶምሰን መሆኑ ነው።

«ከአንድ ሽማግሌ አፍ»፦ ምስክርነቱን መመዘን

በርንስ በ1793 ለቶምሰን በላከው ደብዳቤ ዘፈኑ ከዚያ በፊት በኅትመትም በእጅ ጽሑፍም ሰፍሮ እንደማያውቅ፣ እርሱ ራሱ ከአንድ ሽማግሌ ሲዘፈን ሰምቶ እንደጻፈው ይናገራል። ብዙ አንባቢዎች ይህን ቃል የመስክ ማስታወሻ አድርገው ወስደውታል፤ «ባህላዊ» የሚለው ስያሜም በአብዛኛው የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ምስክርነቱ ግን ከሌሎች ሰነዶች ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት። አንደኛ፣ ስለ «ዜድ» ምልክት የሰጠውን ማብራሪያ አይተናል። ሁለተኛ፣ በርንስ ግጥሙን ለወይዘሮ ዳንሎፕ በላከበት በዚያው ደብዳቤ ሌላ ዘፈንም አሮጌ ነው ብሎ ልኮላቸው ነበር፤ በኋላ ግን ከዚያኛው አሮጌዎቹ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስንኞች ብቻ እንደሆኑና የቀረው የራሱ እንደሆነ አምኗል። ሦስተኛ፣ ሽማግሌው ስም፣ አገር፣ የተዘፈነበት ቀንና ቦታ የለውም።

ከዚህ በመነሳት በርንስን ውሸታም ማለት ችኩልነት ነው። በዘመኑ መሰብሰብና መድረስ እንደ ዛሬው በሁለት የሙያ ስሞች የተለዩ ተግባራት አልነበሩም። የጎደለውን ስንኝ መሙላት ዘፈኑን ማዳን እንጂ ማበላሸት ተደርጎ አይታይም ነበር፤ ስምን መደበቅም ዘፈኑን ለሕዝቡ መመለስ ነበር። የሽማግሌው መኖር አይካድም፤ የዘፈነው ምን ያህሉን እንደሆነ ግን ከደብዳቤው አይወጣም። ስለዚህ «ከሽማግሌ የተቀዳ» የሚለውን ቃል የምንጭ መረጃ ሳይሆን የኅትመት ታሪኩ አካል አድርገን ማንበብ ይገባናል። አሳታሚን የሚያግባባ፣ ለአንባቢ ዕድሜንና ክብርን የሚያበሥር ቃል ነውና።

በተቃራኒው አቅጣጫም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጅነት አንጓዎቹ በዋትሰንና በራምሴ አለመገኘታቸው በሕዝብ አፍ አለመኖራቸውን አያረጋግጥም። ኅትመት የመዘገበው አታሚዎች የፈለጉትን እንጂ የተዘፈነውን ሁሉ አይደለም።

የኋለኞቹ አርታኢዎች

ጄምስ ከሪ በ1800 የበርንስን ሥራዎች በአራት ጥራዝ ሲያሳትም ከቶምሰን ጋር የተደረገውን የደብዳቤ ልውውጥ አካተተ። በዚህም የሽማግሌው ታሪክ ከግል ደብዳቤ ወጥቶ በሰፊው ተነበበ። የ19ኛው መቶ ዓመት የግጥም ስብስቦች አብዛኞቹ ግጥሙን ያለ ዜማ ስላተሙት ሁለት ዜማዎች መኖራቸው ከአንባቢ ዓይን ተሰወረ። ጄምስ ዲክ በ1903 የበርንስን ዘፈኖች ከነዜማቸው አጥንቶ ማሳተሙ ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ጄምስ ኪንስሊም በ1968 በኦክስፎርድ ባወጣው ባለ ሦስት ጥራዝ እትም ግጥሞችን ከዜማ ጋር አቅርቧል።

የቅርቡ የኦክስፎርድ እትም የተከተለው መንገድ ደግሞ ለዚህ ጥናት ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ሙሪ ፒቶክ «ስኮትስ ሙዚካል ሙዚየም»ን በ2018፣ ከርስቲን ማክዩ ለቶምሰን የተዘጋጁትን ዘፈኖች በ2021 ለየብቻ አርትዖት አድርገው አውጥተዋል። የአደረጃጀቱ መሠረት «ምርጡ ንባብ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ «ዘፈኑ በየትኛው መጽሐፍ፣ በማን እጅ፣ ለየትኛው አንባቢ ታተመ?» የሚለው ሆኗል። በዚህ አሠራር የጆንሰንና የቶምሰን ኅትመቶች አንዱ ለሌላው እርማት መሆናቸው ቀርቶ የየራሳቸው ዓላማ ያላቸው ሁለት ሥራዎች ይሆናሉ።

የዜማው ቀጣይ ጉዞም ሦስቱ ክፍሎች ሊለያዩ እንደሚችሉ ያረጋግጣል። ጃፓን ውስጥ በ1881 ለትምህርት ቤት በተዘጋጀ የመዝሙር መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ሌላ ግጥም ተሰጥቶት የምረቃ መዝሙር ሆነ። ኮርያውያንም የዛሬው ብሔራዊ መዝሙራቸው የራሱ ዜማ ከመደረሱ በፊት ቃሉን በዚሁ ዜማ ይዘምሩት ነበር። ግጥሙ ቀርቶ ዜማው ብቻውን ባሕር ተሻግሯል።

ማጠቃለያ

«ኦልድ ላንግ ሳይን» ባህላዊ ነውን? ሐረጉና መክፈቻ ሐሳቡ ከበርንስ በፊት የታተሙ በመሆናቸው ለእነርሱ መልሱ አዎን ነው። ግጥሙ በዛሬ መልኩ በበርንስ እጅ ያለፈ ነው፤ ከተረከበው ላይ ምን ያህል እንደጨመረ ራሱ ሆን ብሎ ሸፍኖታል። ዜማው የጭፈራ ዜማ ሆኖ ደራሲ ሳይጠራለት የኖረ ነው። የሦስቱ ጥምረት ግን የማንም ዘፋኝ ሥራ አይደለም፤ በ1799 የተደረገ የአሳታሚ ውሳኔ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚዘፈነውም የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

ከዚህ ለሥነ ቃል ተመራማሪ ሦስት የአሠራር ነጥቦች ይወጣሉ። አንድን ዘፈን ከመዝገብ በፊት ሐረጉን፣ ግጥሙንና ዜማውን ለየብቻ በጊዜ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይገባል። ሰብሳቢው ስለ ምንጩ የተናገረውን ቃል ከሌሎች ምስክርነቶቹ ጋር አመሳክሮ መመዘን ይገባል። በመጨረሻም፣ ሰብሳቢው ራሱ የጨመረውንና ያረመውን ቢያንስ በአንዲት ፊደል ምልክት መለየት ይገባዋል፤ የፊደሏንም ትርጉም ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ መጻፍ አለበት። ጆንሰን ምልክቷን ቀርጾልን አልፏል። ከምልክቷ በስተኋላ የጥንቱ ስንኝ የት አብቅቶ የበርንስ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳይነግረን ሄደ።